ከማኅደር እስከ ፎልደር፦ በጣና ዳር በስም የመፈለግ ታሪክ

የጣናን ገዳማት መጻሕፍት የማውቃቸው በስማቸው እየፈለግሁ ነው። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ብሆንም ሴት ነኝና ክብራን ገብርኤልንም ሆነ ዳጋ እስጢፋኖስን ረግጬ አላውቅም፤ ሥርዓታቸው አይፈቅድም፤ እኔም ሥርዓቱን አከብራለሁ። ወደ ዘጌ በሚሄደው ጀልባ ተሳፍሬ በክብራን አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ግን በዚያ ጫካ ውስጥ ያለውን ወንጌል አስባለሁ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወይም በ15ኛው መግቢያ የተጻፈ፣ በሥዕሎቹ የታወቀ የአራቱ ወንጌላውያን መጽሐፍ ነው። ሥዕሎቹን ያየኋቸው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተሰናዳው «መዝገበ ሥዕላት» የገዳሙን ስም ጽፌ ነው። ስሙን የመዘገበው ሰው እኔ በማልገምተው መንገድ ጽፎት ቢሆን ኖሮ፣ ከደጄ ፊት ለፊት ያለው መጽሐፍ ለእኔ እንደሌለ ይቆጠር ነበር።

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። በክላሰርና በቦክስ ፋይል ጀምሬ ኮምፒውተር ላይ የደረስኩ ነኝ። ግእዝን የተማርኩት ዘግይቼ፣ ለራሴ ፍቅር ብዬ ነው። ሁለቱ ነገሮች፣ የቢሮው ፋይልና የገዳሙ ብራና፣ ለብዙ ዘመን በሐሳቤ ተለያይተው ኖረዋል። አሁን ግን አንድ ጥያቄ ሆነውብኛል፦ ሰው ያስቀመጠውን ነገር ሌላ ሰው እንዴት ያገኘዋል?

በዘጌ አንድ ገዳም፣ ሴቶች በሚገቡበት፣ አንድ ገድል ፈልጌ የዕቃ ቤቱን አባት ጠየቅሁ። «አባ፣ ይህ ገድል ይኖር ይሆን?» አልኩ ስሙን ጠርቼ። «አለ ልጄ፤ ግን በስሙ ብትጠሪው አታገኚውም። ከድርሳነ ሚካኤሉ ኋላ ነው የተጠረዘ» አሉኝ። ነገሩ ሁሉ በዚህ መልስ ውስጥ አለ። የብራና መጽሐፍ በቆዳ ማኅደር ይገባል፤ ማኅደሩ በጠፍሩ ከግድግዳው ችካል ላይ ይንጠለጠላል። ማኅደሩን ስትከፍቱ ድጉስ ያለው ገበታ ይመጣል፤ ገበታውን ስትገልጡ ጥራዙ፤ በጥራዙ ውስጥ አንድ ሳይሆን ሁለት ሦስት ድርሰት፤ ከድርሰቱ ኋላ በተረፈው ባዶ ቅጠል ላይ ደግሞ የርስት ውል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ንዋየ ቅድሳት ዝርዝር፣ መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ስም። የርስት ውል ፈላጊ ተአምረ ማርያምን መግለጥ አለበት። ከውጭ ያለው ስም የውስጡን አይነግርም።

በመክፈቻው ቃል እንፈልግ ቢባልም አይሆንም። የግእዝ ድርሰት አብዛኛው የሚጀምረው በስመ አብ ብሎ ነውና መቶው መጽሐፍ በአንድ ቃል ይከፈታል። መታወቂያው ከዚያ በኋላ ያለው ዐረፍተ ነገር ነው። ያውም በቀይ ቀለም ከተጻፈና ቀለሙ ካልለቀቀ።

አባቶቻችን ይህን ችግር አያውቁትም ነበር ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። በሐይቅ እስጢፋኖስ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ውስጥ ለገዳሙ የተሰጡ መጻሕፍት ስም ተዘርዝሮ ይገኛል፤ ነገሩ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዝርዝሩ የተጻፈው በማይጠፋው፣ በማይሸጠው መጽሐፍ ውስጥ፣ በወንጌሉ ላይ መሆኑን አስተውሉ። ስምም ከለላ ነበረው። በመጽሐፍ ኅዳግ ላይ መጽሐፉን የሰረቀ፣ ስሙንም የፋቀ ውጉዝ ይሁን የሚል ቃል የማይገኝበት ገዳም የለም ማለት ይቻላል። መስረቅና ስም መፋቅ በአንድ ግዝት መታሰራቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። እንዲያም ሆኖ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሰው የተተካባቸው መጻሕፍት ብዙ ናቸው። የተፋቀው ብራና ይሻክራል፤ በብርሃን ሲያዩት የቀድሞው ቀለም ጥላ ይታያል።

ከአገር የወጡት መጻሕፍት ስም ካገር ውስጦቹ ቀድሞ መመዝገቡ ያሳዝነኛል። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው መቅደላ ያከማቿቸው መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1868 በእንግሊዝ ጦር ተወሰዱ፤ የብሪቲሽ ሙዚየሙን ክምችት ዊልያም ራይት በ1877 በካታሎግ አሳተመው። በዚያው በ1877 ዞተንበርግ የተባለ ሊቅ የፓሪሱን ክምችት ካታሎግ አወጣ። ለንደን የተቀመጠ ተመራማሪ የጎንደርን መጽሐፍ በቁጥር ሲጠራ፣ የክብራንን መጽሐፍ የሚጠራው ግን የክብራን ዕቃ ቤት አባት ብቻ ነበሩ። ከማረፋቸው በፊት ደግሞ ለተተኪያቸው የሚያስተላልፉት በቃል ነበር።

የጣና ተራ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባሉ ሊቅ በደሴቶቹ እየዞሩ ከ170 በላይ መጻሕፍትን በማይክሮፊልም አነሱ። የመጀመሪያው የካታሎግ ጥራዝ በ1973፣ ሁለተኛው በ1977 ታተመ፤ ሦስተኛውን ቬሮኒካ ዚክስ በ1999 አወጡት። ፊልም ማንሳት የአንድ ዘመቻ ሥራ ነበር፤ ለተነሳው ስም ሰጥቶ ማሳተም ግን ከ30 ዓመት በላይ ፈጀ። ከላይ ያነሳሁት የክብራን ወንጌል በዚህ ካታሎግ «ጣና ሐይቅ 1» ሲሆን «ክብራን 1» የሚል ስምም አለው። አንዱን ስም ብቻ የሚያውቅ ሰው ሌላውን ሲያነብ የተለየ መጽሐፍ ይመስለዋል።

ከዚያ ትልቁ ሥራ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በአሜሪካ ሚኒሶታ ከሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ጋር ተስማምታ የኢትዮጵያ ብራና ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ፤ ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል ይሉታል። የተነሡት መጻሕፍት ቁጥር 9,000 አለፈ። እነዚያን ፊልሞች እያነበቡ ስም የሰጧቸው ዋናው ሰው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ሸንኮራ የተወለዱት እኒህ ሊቅ በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ ወታደሮች በተኮሱባቸው ጥይት ወገባቸው ተመትቶ ቀሪ ዕድሜያቸውን በተሽከርካሪ ወንበር አሳልፈዋል። ያገራቸውን ገዳማት መጻሕፍት ሚኒሶታ ተቀምጠው በፊልም ማንበቢያ ላይ ቅጠል በቅጠል አዩ። የማይክሮፊልም ፍለጋ ምን እንደሚመስል ያላየ አንባቢ ይህን ይያዝልኝ፦ ጥቅሉን ማሽኑ ላይ ያስገቡና እያሽከረከሩ ያልፋሉ፤ ወደሚፈልጉት ቅጠል መዝለያ የለም፤ ከፊቱ ያለውን ሁሉ ማለፍ ግድ ነው። እሳቸው ይህን ለእኛ ሲሉ አንድ ጊዜ አደረጉልን፤ እኛ ካታሎጉን ገልጠን ቁጥሩን እንድናገኝ። እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2021 በሞት ተለዩን። ማይክሮፊልም ያነሱትን ሰዎች ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ስም ሰጪውን ልናመሰግን ይገባል ባይ ነኝ።

አሥሩ የታተሙ የካታሎግ ጥራዞች የሚሸፍኑት ግን ከ1 እስከ 5000 ያለውን ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም ነበረ፤ የታተመ ስም ግን አልነበረውም። ከጣና ቂርቆስ የተነሳውና ቁጥሩ 8509 የሆነው ጥንታዊ የድርሳናት መጽሐፍ ከዚህ ወገን ነው። አንዱ መጽሐፍ ብዙ ስብከቶችን በየበዓሉ አቅፎ ይዟል፤ እያንዳንዱ ስብከት ራሱን የቻለ ድርሰት ነው። ይህን መጽሐፍ በጽሑፍ ያስተዋወቁን ፕሮፌሰር ሥርግው ሐብለ ሥላሴ ናቸው። ወደ ስማቸው እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ልሻገር፤ ርቀቱ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ፎልደር በፎልደር ውስጥ፣ ያም በሌላ ፎልደር ውስጥ የሚቀመጥበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1965 ዴሌይና ኒውማን መልቲክስ ለተባለው ሲስተም ባቀረቡት ጽሑፍ ተነደፈ። ከዚያ በ1970ዎቹ በቤል ላቦራቶሪ በተሠራው ዩኒክስ ውስጥ ፋይንድ የሚባል ትእዛዝ ገባ። ሥራው ቀላል ነው። ፎልደር ማለት በውስጡ የስምና የቁጥር ዝርዝር የያዘ ነገር ነው፤ ፋይንድ ከላይኛው ይጀምርና ዝርዝሩን ያነባል፤ እያንዳንዱን ስም ከተሰጠው ስም ጋር ያስተያያል፤ ፎልደር ሲያገኝ ይገባል፤ ጨርሶ ሲወጣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ዕቃ ቤት ገብቶ ማኅደሩን ሁሉ አንድ በአንድ እያወረደ እንደሚያይ ደቀ መዝሙር ማለት ነው። አይዘነጋም፤ አይደክመውም፤ ግን ሁሉንም መዞር አለበትና ይዘገያል። በ1983 ጄምስ ዉድስ ሌላ መንገድ አመጣ፦ ስሞቹን ሁሉ አስቀድሞ በአንድ ዝርዝር መሰብሰብና ፍለጋውን በዝርዝሩ ላይ ብቻ ማድረግ። ካታሎግ ማለት ነው። ፈጣን ነው፤ ዝርዝሩ ከተሠራ በኋላ የገባውን መጽሐፍ ግን አያውቅም። ዛሬ ዊንዶውስ ላይ ስትፈልጉ አንዳንዴ በቅጽበት፣ አንዳንዴ አረንጓዴው መስመር እያዘገመ የሚመጣላችሁ በዚህ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ፎልደር በካታሎግ፣ ፍላሽና ውጫዊ ሐርድ ዲስክን ግን አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ ዞሮ ነው የሚፈልገው።

ሁለቱም መንገዶች ስሙን ፊደል በፊደል ካላገኙት «የለም» ይላሉ። የእኛ መከራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ቢሮ ስገባ ያሠለጠኑኝ ጋሼ፣ የመዝገብ ቤታችን አንጋፋ፣ የሠራተኛውን የግል ማኅደር የሚያወጡት በጆሯቸው ነበር። «በማን ስም ነው?» ይላሉ። «ፀሐይ» ስትሏቸው በጸሎቱ ጸ ይጻፍ በፀሐዩ ፀ አይጠይቁም፤ ሁለቱንም የሚያስቀምጡት በአንድ መደርደሪያ ነው። ደብዳቤ ሲገባ በገቢ መዝገብ፣ ሲወጣ በወጪ መዝገብ ቁጥር ይሰጡታል፤ የጠፋ ደብዳቤ ካለ ቀኑን ጠይቀው ቁጥሩን፣ በቁጥሩ ፋይሉን ያገኙታል። ኮምፒውተር ጆሮ የለውም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ሥርዓት በ3.0 እትሙ ሲገባ ሀ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280 የሚል መለያ ተሰጣቸው፤ ጸ 1338፣ ፀ 1340 ሆኑ። በግእዝ እያንዳንዱ የየራሱ ቦታ አለውና ተለያይተው መግባታቸው ትክክል ነው፤ አንዱ ቢቀር ኖሮ የብራናው ጽሑፍ ራሱ በተጓደለ ነበር። በአማርኛችን ግን ድምፁ አንድ ስለሆነ ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ይጽፋል። ብራና ላይ የጻፉት ሊቃውንትም ጭምር ያለዋውጡ እንደነበር ኅዳጎቹ ይመሰክራሉ።

እንግዲህ የፕሮፌሰር ሥርግውን ስም እንይ። ሥርግው በሥ ወይም በስ ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለት። ሐብለ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ፤ ስድስት። ሥላሴ ደግሞ በሥ ወይም በስ፣ መጨረሻው በሴ ወይም በሤ። ሁለት በስድስት፣ በሁለት፣ እንደገና በሁለት ሲባዛ 48 ይመጣል። አንድ ሊቅ በኮምፒውተር ዘንድ 48 ሰው ናቸው። ሐብለና ሥላሴን ማጋጠም፣ በቃላቱ መካከል ሁለት ነጥብ ማድረግ ሲጨመርበት ከዚያም ያልፋል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ለማንም የቢሮ ሠራተኛ የማሳየው ነው። በፋይንድ ከሆነ አጠራጣሪዎቹን ፊደላት በቅንፍ ሰብስቦ፣ በቃላቱ መካከል ኮከብ አድርጎ እንዲህ መጻፍ ነው፦

*[ስሥ]ርግው*[ሀሃሐሓኀኃ]ብለ*[ስሥ]ላ[ሴሤ]*

ቅንፉ «ከእነዚህ አንዱ» ማለት ነው፤ ኮከቡ «ምንም ይሁን፣ ባይኖርም ይሁን»። አርባ ስምንቱም፣ የተጋጠመውም ያልተጋጠመውም፣ በአንድ ፍለጋ ይወጣሉ። በዊንዶውስ ቅንፉ አይሠራም፤ በምትኩ በሚያጠራጥረው ፊደል ቦታ ሁሉ ኮከብ ይደረጋል፦ *ርግው*ብለ*ላ*። ጥቂት የማይፈለግ ነገር አብሮ ቢመጣም የሚፈለገው አይቀርም።

ከዩኒኮድ በፊት የነበረው ደግሞ የባሰ ነበር። በዶስ ዘመን የፋይል ስም ከስምንት ፊደልና ከሦስት ፊደል ቅጥያ አያልፍም፤ ያውም በላቲን ፊደል። ዊንዶውስ 95 ረጅም ስም ሲፈቅድም አማርኛችን በቪዥዋል ግእዝና በፓወር ግእዝ ነበር የሚጻፈው፤ እነዚህ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲኑ ቦታ ያስቀምጡ ስለነበር ደብዳቤው በአማርኛ ቢነበብም የፋይሉ ስም በአማርኛ ሊሰጥ አይችልም ነበር። ስለዚህ በላቲን ሰጠነው፤ እያንዳንዱ ጸሐፊ ደግሞ በራሱ አጻጻፍ። «ጽሕፈት» የሚለውን ቃል ሁለት ሰው በላቲን አንድ ዓይነት አድርጎ ሲጽፈው አላየሁም። በዚያ ዘመን የተጻፉ ብዙ ደብዳቤዎች ዛሬም በየቢሮው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ አሉ፤ ስማቸውን የሚያስታውሰው የጻፋቸው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጡረታ ወጥቷል። ቀጥሎ የፍላሽ ቫይረስ መጣ፤ ፎልደሩን ሁሉ ደብቆ ሾርትከት ይተካበታል። ፋይሉ እዚያው ነው፤ ባለቤቱ ግን ጠፋ ብሎ ፎርማት ያደርገዋል። በዚህ መንገድ የስንት ቢሮ ሥራ እንደ ወጣ ሲቀር አይቻለሁ።

አሁን በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በአሌሳንድሮ ባውዚ መሪነት የሚካሄደው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለ ፕሮጀክት ትልቅ ነገር እየሠራ ነው። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ድርሰት ቁጥር ይሰጣል። የአንድ ድርሰት ቅጂ በክብራን ይሁን በለንደን፣ ስሙ በሠ ይጻፍ በሰ፣ የድርሰቱ ቁጥር አንድ ነው። ዘጌ ላይ ከድርሳነ ሚካኤሉ ኋላ የተጠረዘው ዓይነት ገድል በራሱ ስም የሚጠራው በዚህ ነው። የጋሼ የገቢ መዝገብም የሚሠራው በዚሁ መላ ነበር፦ ስም ይለዋወጣል፤ ቁጥር ይያዛል።

እኛ ባሕር ዳር ያለነው ግን ሐምቡርግን የምንጠብቅ ከሆነ ብዙ ነገር ያመልጠናል። ዛሬ ካሜራና ስልክ ያለው ወጣት በየገዳሙ አባቶችን አስፈቅዶ ብራና ያነሳል። በጎ ሥራ ነው። ካሜራው ግን ለፎቶው የሚሰጠው ስም አራት አኃዝ ነው፤ 9999 ሲደርስ እንደገና ከ1 ይጀምራል። ስለዚህ የሁለት ገዳማት ሁለት ቅጠሎች አንድ ስም ይይዛሉ፤ ወደ አንድ ፎልደር ሲገለበጡ ወይ አንዱ ሌላውን ይተካል፣ ወይ «ኮፒ» የሚል ይጨመርበታል። «ኒው ፎልደር» ውስጥ «ኒው ፎልደር 2»፣ በውስጡ ሌላ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የትኛው የዑራ ገዳም፣ የትኛው የናርጋ ገዳም እንደሆነ አንሺውም አያውቀው። ከገዳሙ ስም የተለየ ፎቶ ስሙ የተፋቀ መጽሐፍ ነው።

ስለዚህ በጣና ዳር ብራና ለምታነሱ ሁሉ ልመናዬ ይህ ነው። ከጀልባው ከወረዳችሁ በኋላ፣ ሌላ ሥራ ሳትጀምሩ፣ በዚያው ቀን ስሙን ለውጡ። መጀመሪያ ገዳሙ፣ ቀጥሎ የመጽሐፉ ቁጥር፣ ቀጥሎ ቅጠሉ፣ ቀጥሎ ፊቱ ወይም ጀርባው፦ ዑራ_007_ቅጠል012_ፊት። ከቁጥሩ በፊት ዜሮ ጨምሩ፤ አለዚያ ብዙ ፕሮግራም 10ን ከ2 ያስቀድመዋል። የገዳሙን ስም በየትኛው ፊደል እንደምትጽፉት በጽሑፍ ወስኑና አትለውጡ፤ በዑ ከጀመራችሁ በኡ አትጨርሱ። ስሙን የምትሰጡት ለራሳችሁ ሳይሆን ገዳሙን አይቶት ለማያውቅ ፈላጊ ነው። በመጨረሻም ዝርዝሩን በወረቀት አትማችሁ አንዱን ቅጂ ለገዳሙ ዕቃ ቤት አባት ስጡ፤ መጻሕፍቱ የእሳቸው አደራ ናቸውና።